እሑድ፣ ቆጣሪው መሐረብ ለብሶ

አባቴ ኤርሚኒዮ ባለ ታክሲ ነበር፣
ሬጓ ጣቢያ ደጃፍ፣ ከሰዓቱ በታች፣ ባቡር የሚያማትር፤
ጥቁር መርሴዲሱ፣ ጣሪያው አረንጓዴ፣
በዕድሜ ይበልጠኛል፣ እሱም አንድ ዘመዴ።

ስድስት ቀን ሙሉ እንግዳ ይጭናል፣
የዶውሮን ዳር ይዞ ፒኛው ያደርሳል፤
ከኋላ ያሉት «ወይ ማማር!» እያሉ
በየኩርባው ላይ ስልካቸውን መዘው መስኮቱን ሲሞሉ፣
የእሱ ዓይን ነጩ መስመር ላይ፣
ከፊት የሚመጣው የወይን ካሚዮን ላይ፣
አንዳንዴም መስታወቱ ላይ፣ «ያስመልሰው ይሆን ይህን ሰው?» ብሎ፣
ወንዙን ከጎኑ አስቀምጦ፣ ወንዙን ለሌላ ሰው ጥሎ።

እሑድ በማለዳ እናቴ ዴኦሊንዳ
ቆጣሪውን በመሐረቧ ትሸፍነዋለች፤ «ዛሬ የለብህም እንግዳ፣
ዛሬ ቤተሰብ ነን፣ ዝም በል» ትለዋለች፤
በቀቀን ጎጆውን አልብሰው እንደሚያስተኙት ታስተኛዋለች።
ቫስኮ የእሱ ነገር! ባርኔጣውን ደፍቶ፣ ሀብታም እንግዳ ሆኖ፣
«ጌታው፣ ወደ ፒኛው! ሒሳቡ ስንት ነው?» ይላል ድምፁን አጎርንኖ።
አባቴ ኮስተር ብሎ፣ «ለልጅ እጥፍ፣ ለሚያስመልስ ሦስት እጥፍ።»
እኔን ነው። ሎሚ እያሸተትሁ፣ ፌስታል ይዤ፣ የመስኮቱ ጫፍ።

ሩቅ አይደለም መንገዱ። ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር፣
ጎረቤት መሄዳችንን ሳያውቅ ተመልሰን የምንገባው ምድር።
ግን ጥቅምት ነው፤ ወይኑ ተለቅሞ ቅጠሉ ነው የቀረው፣
እርከን በእርከን ሽቅብ የጋመው፣ የነሐስ፣ የዝገት፣ የቀይ ሥር መልክ ያለው፤
በየነጩ ግንብ ላይ የባለ እርሻው ስም፣ በትልልቅ ፊደል፤
ቫስኮ ማንበብ የተማረው ከዚያ ነው፤ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከገደል።

ስንመለስ፣ ፎልጎዛ ላይ፣ ከአንድ በለስ ዛፍ ሥር፣
እናቴ «አቁም» አለችው፣ እንደ ቀልድ፣ እንደ ምሥጢር።
«ምን ሆንሽ?»
«ውረድ።»
ከቦርሳዋ መንጃ ፈቃድ አወጣች።
ስምንት ወር ሙሉ፣ ሐሙስ ሐሙስ፣ «ስፌት ቤት ነኝ» እያለች
ላሜጎ ድረስ መሪ ልትማር ስትሄድ ነበር፤
ሦስቴ ወድቃ፣ በአራተኛው አልፋ፣ ለማንም ሳትናገር።

አባቴ ካርዱን አገላብጦ ወደ ፀሐይ አነሣው፣
እንደ ተጠረጠረ ገንዘብ። የሚለው ነገር ጠፋው።
ቁልፉን ሰጣት።
ሃያ ሦስት ዓመት፣ በዚያች መኪና፣ በቀኝ ወንበሯ ተቀምጦ አያውቅም፤
ቀበቶውን በግራ ትከሻው ፈለገ፤ ልማድ ነዋ፤ አላገኘውም።

መጀመሪያ እግሩ ነው የነዳው። ፍሬን የሌለበትን ምንጣፍ ረገጠ፣
«ቀስ! ሁለተኛ ማርሽ! ካሚዮን!» እያለ ተቁነጠነጠ።
እሷ መልስ የላት፣ የምላሷን ጫፍ በጥርሷ ነክሳ፣
እንቁላል እንደ ጫነች ትነዳለች፣ ለጥሩንባው ሁሉ ጆሮ ነሥታ።

ኩርባው መጣ። ሸለቆው እንደ በር ተበረገደ፤
የአባቴ ጩኸት ከአፉ ላይ ወዴት እንደ ሄደ
እንጃ። መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ክንዱን አወጣ፣
ያ «ክንድ ወደ ውስጥ!» እያለ እንግዳ የሚቆጣ።
የወይኑ እርከን ውኃው ውስጥ ተገልብጦ ቆሟል፣
አንዲት ቀጭን ጀልባ ቀድዳው አለፈች፣ ወዲያው መልሶ ገጥሟል።

«ያ ቤት» አለ በሹክሹክታ፣ «ያ ነጭ ቤት፣ ከመቼ ጀምሮ ነው እዚያ ያለው?»
«እኔ እንጃ» አለች እናቴ። «እኔ መንገድ ላይ ነኝ። አንተ እየው።»

ሬጓ ስንገባ መሽቷል። ሻንጣ የያዙ ሁለት ሰዎች ጣሪያችንን አይተው እጅ ሲያውለበልቡ
እናቴ መልሳ አውለበለበችላቸው፤ ቀሩ ግራ እየተጋቡ።
መሐረቡ እንዳለ ነው። ቫስኮ ተኝቷል። የእኔም ፌስታል ባዶ።
አባቴ ግን አንገቱን አዙሮ ገና ያያል፣ የማይታየውን ማዶ።