ወደ ግራ

አያ ጫቅሉ መጣ ቅዳሜ በጧቱ፣
ከቀሃ ሽቅብ ወጥቶ፣ ላብ አጥምቆት ፊቱ፤
በጆንያ ጠቅልሎ እንደ ታመመ ልጅ፣
መላጊያ ታቅፎ ቆመ ከሱቄ ደጅ።

«አንች ትርንጎ» አለኝ፣ «እስኪ ጉዱን እዪው፤
ትላንት ጉልበት ነበር፣ ዛሬ ነፍስ የለው።
ጥድ ላይ ያጓራል፣ ዋንዛ ላይ ይቆማል፤
የተለበለበ ጠጉር ጠጉር ይሸታል።»

ሞርሳ ላይ አሰርሁት፣ ካቻቢቴ አነሣሁ፤
ብሎኑ ዝጎ ነው፣ በናፍጣ አራስሁ።
ሽፋኑን ብከፍተው ሰጋቱራው አወጋ፤
ቀዩ የጥዱ ነው፣ የሙሽሮች አልጋ፤
ዳለቻው የዋንዛ፣ የስንት ሟች ሳንዱቅ፤
በግራሶ ተለውሶ፣ አንድ ላይ ድቅቅ።
ኩሽኔታው ላልቷል፣ ጣቴ ላይ ይዋልላል፤
ካርቦኑ አልቆ አልቆ ምስር ያህል ቀርቷል፤
ቺንጋው ተሰንጥቆ ጥርሱ ግማሽ ወልቋል።

«ይሞታል?» አለኝ።
«ሰው መሰለህ እንዴ?»

አራዳን ዞርሁለት፣ ከሱቅ ሱቅ ስጠይቅ፤
አንዱ ትከሻ ሰበቀ፣ አንዱ አየኝ በመሣቅ።
ባሕር ዳር ደወልሁ። «ያ ዓይነቱ ቀርቷል።»
«ምኑ ነው የቀረው? እኔ ጋ ተቀምጧል!»
ከተቃጠለ ፓምፕ ኩሽኔታ አወለቅሁ፤
አዘዞ ከሞተ ፎቶኮፒ ሆድ ውስጥ ቺንጋ አገኘሁ፣
ጥርስ ለጥርስ ቆጠርሁ።
ካርቦን ግን ጠፋ።

የአባቴን መሳቢያ ከታች ጎረጎርሁት፤
ያለቀ ባትሪ ድንጋይ፣ በጨርቅ ታስሮ አገኘሁት።
«ቀን ያወጣዋል» ይል ነበር፣ ምንም ነገር አይጥልም፤
እናቴ ስትጮህበት ይሥቃል እንጂ አይመልስም።
ቆርቆሮውን ብልጠው ጥቁር ዘንግ ወጣ ከሆዱ፤
በብርጭቆ ወረቀት፣ ቀስ በቀስ በሞረዱ፣
ከቀትር እስከ ማታ አሸሁት፣ አሸሁት፤
አፍንጫዬ ጠቆረ። ሁለት ጥርስ አረግሁት።

ማክሰኞ ሲመለስ፦
«መያዣው ግን ይቀየር፣ ተበልቶ ጎድጉዷል፤
ይኸ የግራ እጅ ነው፣ ቀኝ የሆነን ይጎዳል።»
ቆቡን አወለቀ። መልሶ ደፋው።
«የእንዳላማው ነው።»
«የቱ እንዳላማው?»
«ሽርካዬ። ሃያ ሁለት ዓመት ሳንቃ ያዝሁለት፤
እሱ ከዚያ ሲልግ እኔ ከዚህ ስስብለት።
በግራው ስለሚልግ ፍቅፋቂው ይመጣል እኔ ዓይን ላይ፤
ስንት ቀን ተጣላሁት በዚችው ጉዳይ!
ጥቅምት ላይ ሳንዱቁን በዚሁ ላግሁለት።
መያዣውን ተይው።»

ተውሁት።

ስፒናውን ሰካሁ። ማብሪያውን ተጭኜ ቆለፍሁ።
መብራት ሄደ።

ሣቅን። ሌላ ምን ይደረጋል?
እስኪመሽ ጠበቅን፤ ስለ ሳንቃ ዋጋ፣ ስለ ሚስማር፣
ስለ ልጁ ፈተና አወራን፤
እንዳላማውን ሁለታችንም አላነሣን።
ሱቁን ዘጋሁ። ማብሪያውን ረሳሁ።

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ደወለ ዘበኛው አዛናው፦
«ሱቅሽ ውስጥ ሰው አለ። ሌባ አይደለም፣ ይሠራል። ማነው?»
ነጠላዬን እየጎተትሁ ሮጥሁ፤ ቁልፉ እጄ ላይ ተንቀጠቀጠ።
ስከፍት ጸጥታ ነው፤ የሞቀ እንጨት ሽታ አፈነኝ።
መብራቱ መጥቶ ኖሮ፣
መላጊያው ብቻውን ሲልግ፣ ሲሄድ፣ ሲልግ አምሽቶ፣
ሽቦው አልደርስ ቢለው የራሱን ስፒና ጎትቶ፣
ነቅሎ፣ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ቆሟል ተኝቶ።
በአባቴ ጠረጴዛ ላይ አንድ ክንድ ሙሉ ቦይ።

ጧት አያ ጫቅሉ መጣ። ኩሽኔታውን አልጠየቀም፣
ለባትሪ ድንጋዩም ደንታ አልነበረውም።
በአውራ ጣቱ ገብቶ የቦዩን ዳር ዳሰሰ፤
መጀመሪያ ቀጥ ብሎ፣ ኋላ ወደ ግራ ፈሰሰ።
ደግሞ ከጫፉ ጀመረ። ደግሞ ወደ ግራ።

«ሂሳብሽ ስንት ነው?» አለኝ፣ ዓይኑን ሳያነሣ።
ነገርሁት። ቆጠረልኝ።
ከዚያ ሌላ ኪሱ ገብቶ ጨመረ አንድ ሃምሳ፦
«ይኸ የእሱ ድርሻ ነው፤ ጠረጴዛ አበላሽቷል።»

ቦዩን እስከ ዛሬ አልደፈንሁትም፤
ብሎኖቼ እዚያ ያድራሉ።