የሆድ ነገር

ዊኒፔግ፣ ሳርጀንት ጎዳና፣ ሰኞ ማለዳ በጥር፤
መስኮቱ በበረዶ እሾህ ከዳር እስከ ዳር ሲታጠር
እኔ ጥግ ላይ ተቀምጫለሁ፣
የወይዘሮ ደብሪቱን ካፖርት ጭኔ ላይ ይዣለሁ።
ዛሬ አስተርጓሚ አይደለሁም፤
በመኪና ያመጣኋት ጎረቤት ነኝ። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውም
«ዘመድ ወዳጅ አያስተርጉም» ይላል።
አሥራ አንድ ዓመት የተቀመጥኩበት ወንበር ከክፍሉ ወጥቷል፤
በቦታው፣ ባለጎማ ምሰሶ ላይ፣ አንድ ታብሌት ቆሟል፤
ሰባ ሁለት ቋንቋ ይችላል፣
ጉንፋን አይዘውም፣ ልጅ ታሞበት አይቀርም፣
የትርፍ ሰዓት ሒሳብ አይጠይቅም።

ዶክተር ፔልቲየር ጠየቁ። ታብሌቱ አማርኛ አደረገው፤
«ምንዎን ነው የሚያምዎት?» ሰዋስዉ ጥርት ያለ ነው።
ደብሪቱ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አለች፣
ለማታውቀው ቄስ እንደምትናዘዝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ጀመረች፦
«ልጄ ካልጋሪ ከገባች ድምጿን ከሰማሁ ቆየሁ፤
ስደውልላት አታነሳም፣ ኋላ ስልኬን ስከፍት ያየሁ
አንዲት ቢጫ አውራ ጣት ናት።
የልጅ ጣት ይሳማል፤ ይህችን ምን ላድርጋት?
ማታ ማታ ሆድ ይብሰኛል።»

ማሽኑም ወደ እንግሊዝኛ፦ «ማታ ማታ ሆዴን ያመኛል።»

እዚህ ነው? እዚህስ? ምን በሉ? ቅባት? ቃሪያ?
አልትራሳውንድ ታዘዘ፣ የአሲድ ክኒን ታዘዘ፤
አፌን እንደ በር ቆለፍኩት፣ ቁልፉ ምላሴ ላይ ተያዘ።
ያን ጊዜ ነው፣ ደብሪቱ ዝም ስትል፣
ታብሌቱ «አይዞዎት፣ እሜት» ያላት።

እሜት።
ይህን ቃል በዚህ ከተማ ከኔ በቀር የሚል የለም፤
ከአባቴ ነው የወረስኩት፣ እሱ ለባልቴት ሌላ መጠሪያ አያውቅም።
አሥራ አንድ ዓመት በስልክ ስተረጉም ጥሪው ሁሉ «ለጥራት ሲባል ይቀዳል»፤
ውሉ አርባ ገጽ ነበር። ፈረምኩ። አርባ ገጽ ማን ያነባል?
ሆድ የለውም እያልኩ ያማሁት
ለካ እኔኑ ውጦኛል፤ ከሆዱ ስናገር ራሴን ሰማሁት።

ግን ሐቁን ልናገር።
ባለፈው ዓመት አንዲት ልጅ፣ እናቷን ከማኅበር የማውቃት፣
ስሟን አልጠራም፣ እዚሁ ክፍል ሳገኛት
«እርስዎ ይውጡልኝ፤ ማሽኑ ይሻለኛል» አለችኝ።
ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ እውነት እንዳላት ገባኝ፤
አፌ አያወራም ነበር። እሁድ እሁድ፣ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ፣
ዓይኔ ያወራ ነበር።
ታብሌቱ እሁድ የለውም። እናቷን አያውቃትም።
ሆደ ሰፊ ነው፣ የሰጡትን ሁሉ ይይዛል፤
ከማን ጋር እንደሚቋደሰው ግን ማን ጠይቆት ያውቃል?

ዶክተሯ ሊወጡ ሲሉ አላስቻለኝም።
«ሆዷን አይደለም» አልኩ።
እጃቸው መዝጊያው ላይ ቀረ፦ «ታዲያ የቷ ጋ ነው?»

የቷ ጋ ነው?
በሰው ሕመም እንጀራዬን የበላሁ ሴት ቃል አጣሁ።
አረንጓዴው መብራት በርቷል፤ ታብሌቱም ያዳምጣል።
ብናገር ይማራል፣ ያውም በነጻ፤
ዝም ብል ደብሪቱ በሌለባት በሽታ ስትንገላታ ትከርማለች።

ተናገርኩ።
የራቀችውን ልጅ፣ ቢጫዋን ጣት፣
ሆድ ሲብስ ሰው ምን እንደሚሆን፣ ሁሉን።
እሱም ዋጠው።

ነገ ደግሞ የእውነት ቁርጠት ጠምዝዟት የምትመጣን ሴት
«ልጅዎ አልደወለችም እንዴ» ይላት ይሆናል፣ «እሜት?»