ላቤ ያየው

አንጓዬ ላይ አለች፣ የክብሪት ቀፎ የምታህል፣
ለጥናት ብለው ያሰሩኝ፣ ላቤን ስትቀምስ የምትውል።
ትናንት ቀበሌ አስራ አራት፣ አረቄው ለአራተኛ ሲቀዳ
ነዘረችኝ፤ እጅጌዬን ሳብኩባት፣ እንደ ባለዕዳ።
«ሰዓትህን በረደው እንዴ?» ምንይችል እየሳቀ አለ፤
ደግማ ነዘረች፤ ብርጭቆዬ ግን ጢም አለ።

ጠዋት ስልኬን ብከፍት፣ አንድ መስመር
ሽቅብ ይወጣል፣ ልክ እንደ ቤዛዊት፤
ጫፉ ላይ፦ ዘጠኝ ተኩል፣ ሌሊት።

በዘጠኝ ተኩል የት ነበርኩ?
ማንንም አልጠየቅኩ።
ሱሪዬ እስከ ጉልበቱ ረጥቧል፤
ካልሲዬ ላይ የደንገል ስንጥር ተጣብቋል።
ጣና ያውቃል፣ ላቤ ያውቃል፤
የማላውቅ እኔ ብቻ።

ዛሬ ምንይችል ደወለ፤ ገና አልመሸም።
«እመጣለሁ» አልኩት፤ ውሸት አይደለም።
እጅጌዬን ግን እስከ ክርኔ ጠቅልዬ ወጣሁ።