«ሌላ» የሚል ዓምድ

ስቀጠር የሰጡኝ አንድ ቁልፍ ነበረ፣
ከጓሮ ላለ ክፍል፣ በሩ ለታሰረ።
«ኮምፒውተር ክፍል» ይላል፣ በኖራ ተጽፎ፤
ውስጡ ስድስት ማሽን፣ ጨርቅ ለብሶ ተሰልፎ።
«ጫማ ይውለቅ» እላለሁ፣ «አቧራ አራግፉ»፤
ሰዎች እንኳን ሊነኩ በዚያ በር አያልፉ።
ያኔ ዘበኛ ነኝ፣ በወረቀት ባለሙያ፤
ጠላቴ የጦሳ ጉም ነው፣ በመስኮት የሚገባ ያለ መጥሪያ።

አዳራሹ ግን የእትዬ ጦይባ ነበር።
አርባ ሁለት መሳቢያ፣ ካርድ የታጨቀበት፤
ሲስቡት የሚያቃስት፣ ሲመልሱት የሚያስል።
«የቦርከና ታሪክ» የሚል ተማሪ ሲመጣ
እጇ ቀድሟት ይሄዳል፣ ዓይኗ ከሹራቧ ሳይነሣ።

ኋላ ትእዛዝ መጣ፤ ካርዱ ሁሉ ይግባ!
አሥራ አንድ ሺህ ካርድ፣ እኔና እትዬ ጦይባ።
እሷ ታነባለች፣ እኔ እመታለሁ፤
መብራት ድርግም ሲል የጠፋውን እደግማለሁ።
ደራሲ፣ ርዕስ፣ ዓመት፣ የመደርደሪያ ቁጥር፤
አራት ዓምድ ይበቃል ብዬ ስቆጥር
ካርዱን ገለበጠችው።

በጀርባው፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ፦
«ገጽ አርባ ተቀዷል፤ ልጁ ይቅርታ ብሏል።»
ሌላው፦ «ዝናብ መቶታል፤ በምድጃ ደርቋል።»
ሌላው፦ «ወሳጁ ዘምቷል። አይጠየቅ። ሲመጣ ይመልሳል።»
ነሐሴ ስድስት፣ ሰባ ስምንት።
«ይኼንንስ የት ታገባዋለህ?» አለችኝ።

ወጣሁ። ፒያሳን ዞሬ መጣሁ።
ተመልሼ አምስተኛ ዓምድ ከፈትኩ፤
ስም ባጣለት «ሌላ» አልኩት።

ከዓመታት በኋላ፣ ያ ጥቅምት ሲመጣ፣
ማሽኑ በር ሰብሮ ከነጨርቁ ወጣ።
መሳቢያው ማገዶ ሆነ፤
ካርዱን ነፋስ እስከ ሆጤ ሜዳ በተነ።
አንዲት ጥቁር ዲስክ ብቻ፣ የመዳፍ ያህል፣
እናቴ ቤት ተረፈች፣ ከምስር ጆንያ መሐል።
አዲስ ማሽን ተሰጥቶን ዲስኳን ስንከፍት
እትዬ ጦይባ ከጡረታዋ መጥታ
አምስተኛውን ዓምድ አስቀድማ ጠየቀች።

ዛሬ ያ የጓሮ ክፍል የመጥረጊያ ማስቀመጫ ነው።
ጠረጴዛዬ በሩ ሥር ነው።
ጋሽ ይመር ስልካቸውን ይዘው ይመጣሉ፤
የጡረታ ፎርም አልከፈት ብሏቸዋል።
አንዲት የዩኒቨርሲቲ ልጅ የመጽሐፍ ስም ታሳየኛለች፣
ስልኳ ውስጥ ያለው ብልህ ማሽን የነገራትን፤
ደራሲ አለው፣ ዓመት አለው፣
መጽሐፉ ብቻ የለም።
«ማንም አልጻፈውም» ብላት አላመነችኝም፤
መደርደሪያ ለመደርደሪያ አብረን ሄድን።
ይኼ ሥራ በቅጥር ደብዳቤዬ ላይ የለም።

ትናንት ከሰዓት፣ ጉሙ ሲወርድ፣
አንዲት ሴትዮ ገቡ፣ በፌስታል የተጠቀለለ መጽሐፍ ይዘው።
«ወንድሜ የተዋሰው ነው። ቅጣቱ ስንት ነው?»
ቁጥሩን መታሁ። አምስተኛው ዓምድ ተከፈተ።
ማሽኑን ወደ እሳቸው አዞርኩት፤
ቀስ ብለው፣ በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ።

«ተመልሷል» የሚል ቁልፍ አለ።
ጣቴ እላዩ ላይ ቆየ።