ቆጠራ በብሎክ ሰማንያ አንድ

ሥራዬ ደረጃ ነው፣ ከምድር እስከ አራተኛ፣
ባለ ረጅም መጥረጊያ፣ የሸረሪት ድር ዳኛ።
ከአምፖሉ ሥር፣ ከቆጣሪው ሳጥን ጎን፣
ሌሊት የተሠራው ጠዋት አፈር ሊሆን
ኮሚቴው ወስኗል፤ ቃለ ጉባኤው ላይ አለ፦
«ድር ያደረበት ደረጃ ሰው የሌለበት መሰለ።»

እኔም እጠርጋለሁ። በማግስቱ ስወጣ
እግረ ቀጭኑ ሁላ፣ ከየት እንደመጣ፣
ጥጉን ይዞ፣ ቁልቁል ተንጠልጥሎ፣
ስነካው እንደ ንዳድ በሽተኛ ይንዘፈዘፋል ቶሎ ቶሎ።

ሲፈን የመጣችው ማኅተም ያለው ደብዳቤ ይዛ፣
የተቆረጠ የሃይላንድ ፕላስቲክ በማዳበሪያ ከረጢት አግዛ።
«ሸረሪት ልቆጥር ነው» ስትለኝ ሳቅኩባት፤
«ሰው ተቆጥሮ ሳያልቅ!» አልኩና አለፍኳት።
«አዴ ድንቄ፣ ሁለት ሳምንት ብቻ አይጥረጉ» አለች፤
«ኮሚቴውስ?» አልኳት። ደብዳቤውን ዘረጋች።

ሦስት ቦታ ቀበረች ፕላስቲኮቿን፣ የሳሙና ውሃ ሞልታ፦
የረር ተራራ ላይ፣ ከጽዱ ሥር፤
ታች፣ ገና ካልታጠረችው የሽምብራ ማሳ ዳር፤
እና እዚህ፣ ከብሎካችን ጀርባ፣ በብሎኬት ስብርባሪ ድርድር።

እሑድ ይዛኝ ወጣች። የረር ላይ፣ ጎህ ሲቀድ፣
ጠል ባይኖር ባላየሁት፤ ያ ሁሉ የሐር መንገድ፣
ከሣር ጫፍ እስከ ሣር ጫፍ፣ ከቀጋ እስከ ወይራ፣
አንዱ እንደ ወንፊት ክብ፣ አንዱ እንደ ቀንድ ዋንጫ ጠባብ፣ ሌላው ጭራሽ ድር አይሠራ፣
ሮጦ ነው የሚያድነው። እናቲቱ ልጆቿን በጀርባዋ አዝላ፤
አደይ አበባ ላይ ደግሞ አንዷ ቢጫ ለብሳ፣ በቢጫ ተከልላ።

ሲፈን በላቲን ትጠራቸዋለች፣ እየጻፈች።
እኔ ያለ ስም አውቃቸው ነበር፣
ከመሬታችን ጋር ልጅነቴ ሳትለካ በፊት።

ይኸ የምጠርገው ኮንዶሚኒየም የቆመበት
የአባቴ ማሳ ነው። ጤፍ ሲታጨድበት
ነዶው ሥር ይቺው ነበረች፣ ልጆቿን አዝላ ስትዞር፤
«አትንኩ፣ የማሳ ዘበኛ ናት» ይለን ነበር፣
ማጭዱን አቁሞ፣ እስክትሻገር።

ውጤቱን ኅዳር ላይ አሳየችኝ፣ በስልኳ።
የረር፦ ሠላሳ ዘጠኝ ዓይነት።
ሽምብራው ዳር፦ ሃያ ሁለት።
ብሎካችን፦ አምስት።
«ብዛትስ?» አልኳት፣ ለሰፈሬ ተቆርቁሬ።
ሳቀች። «በብዛትማ ማን ይደርስባችኋል!
ግን ያው እግረ ቀጭኑ ነው፣ ከሞላ ጎደል ሁሉም፤
ኮንክሪት የሚስማማው፣ ከአምፖል ሥር ትንኝ የሚለቅም።»

ብዛትና ዓይነት። ለካ ሁለት ናቸው።
ማታ ቀና ብዬ ብሎኮቹን አየኋቸው፣
መስኮቱ ያው፣ በረንዳው ያው፣ ዲሹ ወደ አንድ ሰማይ ያቀና፤
እኛም በብዛት አንደኛ ነንና።

በታኅሣሥ ስብሰባ ነበር። «ድር ቢያብር…» ብለው ጀመሩ ሊቀ መንበሩ፣
የድር ማጥፊያ መድኃኒት መዋጮ ሲያስቆጥሩ።
ከኔ በቀር የሳቀ የለም።
ሃምሳ ሃምሳ ብር። ቅዳሜ ተረጨ፣ እስከ አራተኛ ፎቅ፣
ሰኞ እፍኝ እፍኝ አፈስኩ፣ የደረቀ እግር፣ እንደ ገለባ የሚደቅ።

በዚያው ሳምንት የሽምብራው ማሳ በቆርቆሮ ታጠረ፤
ግሬደሩ ሌሊቱን ሙሉ አደረ
ሲያጓራ፣ መብራቱ ጣሪያዬ ላይ ሲዞር።

ጠዋት፣ ከሁለተኛው ፎቅ መታጠፊያ፣ ደረጃው ላይ፣
አንዲት ቡናማ፣ አቧራ የመሰለች፣ ጀርባዋ ላይ
የሚንቀሳቀስ ነገር። ጎንበስ አልኩ። ልጆቿ ናቸው።
ከቆርቆሮው ሥር ሾልካ፣ አስፋልት አቋርጣ
(እንዴት አድርጋ?) ከአባቴ ማሳ ላይ ደረጃ ትወጣ።

ታች በር ተከፈተ። የሰው ኮቴ።
መጥረጊያዬን አጋድሜ መንገድ ዘጋሁ።
«እርጥብ ነው፣ ቆዩ!» አልኩ። እርጥብ አልነበረም።
ቆምኩ፣ እስክትሻገር።

ስድስት፣ አልኩ።
ለሲፈን ደወልኩ። አላነሳችም።
በከሰል፣ ከቆጣሪው ሳጥን ጀርባ፣ ኮሚቴው የማያየው ግድግዳ ላይ፦
6።