ዳስተር

ወንጂ ማዞሪያ ጋ፣ ከቦቴዎች ሰልፍ ጀርባ፣
ንፋስ በቆርቆሮው ሲወጣና ሲገባ፣
እኔ ጎማ አጠቁራለሁ።
ሌላው ገላውን ያጥባል፣ መስታወት ይወለውላል፣ ምንጣፍ ያራግፋል፤
የእኔ ድርሻ እግሩ ነው፤ ሁሉም ታጥቦ ሲያበቃ በእኔ በኩል ያልፋል።

ሰባት ዓመት ሆነኝ። ስንት መቀቢያ ጨረስኩ!
መጀመሪያ ስፖንጅ ነበር፣ ከእናቴ ፍራሽ ጠርዝ በምላጭ ቆረስኩ።
ለቪትዝ ደህና ነው፤ ለሲኖትራክ ግን አይሆንም፣
የጎማው ጥርስ ያኝከዋል፣ ሦስተኛው ላይ አይደርስም፤
ፍርፋሪው በፊደሎቹ መሃል ተሰንቅሮ ይቀራል፣
ሾፌር ደግሞ ዓይን አለው፤ ጎንበስ ብሎ ይቆጥራል።

ካልሲ ሞከርኩ። ካልሲ ይጠጣል እንጂ አይሰጥም፤
ግማሽ ጠርሙስ ውጦ አንድ ጎማ አያስጌጥም።
የቀለም ብሩሽ ሞከርኩ። ፀጉሩ አንድ በአንድ ተነቅሎ
ጎማው ጢም አበቀለ፤ "ላጨው!" አለኝ ሙዘይን፣ በሳቅ ተንከባሎ።

ከዚያ ባለ እጀታ፣ ቢጫ፣ የፋብሪካ ስፖንጅ ገዛሁ፤
"የዕድሜ ልክ ነው" አለኝ ሻጩ፤ የማን ዕድሜ እንደሆነ ሳልጠይቀው ወጣሁ።
ማጥቆሪያው ሙጫውን በላው። በሳምንቱ፣ አርብ ጠዋት፣
እጀታው እጄ ላይ ቀረ፤ ስፖንጁ ቦዩን ይዞ ሄደ፣
የሚያውቀው አገር ያለ ይመስል፣ በኩራት።

ሰኔ ላይ አንድ ቆራሌ ጥላችን ሥር አረፈ፤
"ምን ይዘሃል?" ስለው ሳይናገር ዘረገፈ፦
የሬዲዮ ሆድ፣ የበር እጀታ፣ አንድ እግር ጫማ፣
ከሁሉም ሥር ዳስተር፣ የጥቁር ሰሌዳ ዳስተር፣ ጠመኔ ለብሶ እንደ ሸማ።
ጀርባው ዋንዛ ነው፣ ሆዱ የተጠቀለለ የብርድ ልብስ ቁራጭ፤
ሙጫ የለበትም፤ ሲባጎ ነው፣ አራት ዙር፣
አንዲትም ክር አልወጣችም ወደ ውጭ።
እንጨቱ ላይ በሚስማር፦ "8ኛ ለ"።
አወቅሁት። ቅንድቤም አወቀው፤
እዚያ ላይ እስከ ዛሬ ፀጉር የማይበቅልበት መስመር አለ።

መምህር ኢተፋ ሒሳብ ሲያስተምሩ፣ እኔ በመስኮት አስፋልቱን አያለሁ፤
"ኤክስ ስንት ነው?" "ሃያ ሁለት!" የተሳቢውን ጎማ ቆጥሬ እመልሳለሁ፤
ዳስተሩ መጣ።

ለቆራሌው ሃያ ብር ሰጠሁና በኦሞ ዘፈዘፍኩት፤
ነጭ ተፋ። እንደገና ነጭ። የስንት ዓመት ክፍልፋይ
ቦዩን ይዞ ሲሄድ አየሁት።
ሲደርቅ ጥቁሩን አጠጣሁት፤ የሚበቃውን ያህል ወሰደ፣
የቀረውን ለጎማው ሰጠ፤ ከፊደል ፊደል፣ ከጠርዝ ጠርዝ፣ እኩል ሄደ።
ሃያ ሁለቱንም ጨረሰ። ሙዘይን አልሳቀም።
ሁለት ክረምት አለፈ፤ ክሩ አልተበጠሰም፣ ሆዱም አልደቀቀም።

ባለፈው እሁድ አንድ አሮጌ ፔጆ ገባ።
"ጎማውን ተወው፣ ልጄ። ነገ ንፋሱ አቧራ ያለብሰዋል" አሉ ከውስጥ።
ድምፁን ሳውቀው እጄን ወደ ኋላ ደበቅሁ፣
እንደ ተማሪ።
አዩት።
ተቀብለው ገለበጡት፤ በአውራ ጣታቸው ስፌቱን ዞሩት፣ እስከ መጨረሻው ቋጠሮ።
"የመንግሥቱ በሙጫ ነበር፤ መስከረም ይሰጡናል፣ ጥቅምት ላይ ይረግፋል።
ይሄን ወይኒቱ ናት የሰፋችው፣ ተናዳ፤
'ሁለተኛ ዳስተር ተበላሸ እንዳትለኝ' ብላ።"
ዝም አሉ። ንፋሱ ቆርቆሮውን መታ።
"ይውሰዱት" አልኩ።
"ሥራ ላይ ያለውን?"
ከዚያ ቆየት ብለው፣ "ስንት ጎማ ሠራ?"
"መቁጠር ትቻለሁ፣ ቲቸር።"
"አንተ?"

ጎንበስ ብዬ አጠቆርኩላቸው፤ ተወው ቢሉም።
ፔጆው ወደ ፍራንኮ ሲታጠፍ አቧራው ከኋላ ተከተለው።
አራት።
ከነስኮርታው አምስት።