መካከለኛ

ቢጫዋን ቀስት፣ በየምሰሶው፣ የምቀባት እኔ ነኝ፤
ሳማ አጭዳለሁ፣ የበሰበሰ እንጨት እቀይራለሁ፣ ጊዜ ሲገኝ።
ከኔዘርኮም ትረስልፎርድ፣ በላይ ሄዶ በታች መመለስ፣
አምስት ማይል ነው፤ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ከደጅ ተነስቶ ከደጅ ለመድረስ።
የላሞቹን ግጦሽ ሲያቋርጡ ውሻ ይታሰራል፣ በር ይዘጋል፤
ጅረቱ ዳር፣ በበጋም ቢሆን፣ ጭቃው ቡትስ ያወልቃል።
ከኮረብታው ጫፍ ሁለቱም ደወል ቤቶች ይታያሉ፤ አንዱ ቀጥ ያለ፣ አንዱ ያዘነበለ፣
ለጎረቤቱ ምሥጢር ሊነግር ጀምሮ መልሶ የተወው የመሰለ።
ሰሌዳው ላይ፣ ከሰዓቱ ሥር፣ አንድ ቃል ጽፌያለሁ፤ «መካከለኛ»።
ዳገቱ ሽማግሌ አይገድልም፣ ወጣትም አያስተኛ።

ክሌመንት የትረስልፎርድ፣ ኖሪስ የኔዘርኮም ሰው፣
ማክሰኞ ማክሰኞ፣ ልክ በሦስት ሰዓት፣ ዱላቸውን አንስተው
ያንኑ ዙር ይዞራሉ፣ በአንድ አቅጣጫ፣ በእኩል ርምጃ፤
በመሃላቸው ግማሽ ክብ አለ፤ የሚሸሸው ማን እንደሆነ እንጃ።
ኖሪስ ከወፍጮው ድልድይ ሲደርስ፣ ክሌመንት ከኦክ ዛፉ ጥላ፤
ክሌመንት ቤተ ክርስቲያኑን ሲያልፍ፣ ኖሪስ ከገብሱ ማሳ ኋላ።
ክብ ላይ ፊተኛው ኋለኛ ነው።
አንዱ ቢቆም ሌላው ይደርስበታል፤ ስለዚህ አይቆሙም።
አሥራ ሁለት ዓመት፣ በበረዶም ቢሆን፣ ጫማ ለማሰር እንኳ አይቆሙም።

ጠባቸው በዱባ ነው። አትሳቁ።
ነሐሴ ላይ፣ በአትክልት ውድድር፣ ድንኳን ሙሉ ሰዎች ሚዛን ሲጠብቁ፣
የኖሪስ ዱባ በአንዲት ወቄት አንሶ፣ ዋንጫው ለክሌመንት ሆነ፤
ሚዛን ያዡ የክሌመንት አማች ነበርና፣ ኖሪስም በልቡ መዘነ።
«ሚዛኑስ?» አለ፤ ያችን ብቻ።
ዱባውን አሳማ በላው፤ ቃሏን ግን የሚበላት ጠፋ፣ ሆነች ጥላቻ።

የኖሪስ ሚስት ሄስተር ስትቀበር፣
ደወሉን የደወለው ክሌመንት ነበር፤
ለሁለቱም መንደር ደዋይ አንድ ነውና። በዕድሜዋ ልክ፣ ለአንድ ዓመት አንድ ምት፤
ሲጨርስ በኋላ በር ወጣ። አፈር ሲለብስ አላዩት።

ያለፈው ማክሰኞ፣ ሦስተኛውን የአጥር መሻገሪያ ልቀባ ስወጣ፣
ክሌመንት የእንጨቱ ደረጃ ላይ ተቀምጧል፣ ፊቱ ገርጥቶ፣ ዝናብ እየመጣ።
«ጉልበቴ ነው» አለኝ። እኔ የቀለም ቆርቆሮዬን ከፈትኩ።
ሰዓት ከሩብ ተቀመጠ። ጉልበት ይሄን ያህል ያስቀምጣል ወይ? አልጠየቅኩ።

ከዚያ የኖሪስ ቆብ በቁጥቋጦው አናት ላይ መጣች፤
ቀረበች፣ ቆመች።
ግራው እሾህ፣ ቀኙ እሾህ፣ መሃሉ ክሌመንት፤ ማለፊያ የለም።
በጎቹ እንኳ ማመስኳታቸውን ተዉ። ብሩሼ ላይ ደረቀ ቀለም።
«የጫማህ ክር ተፈቷል» አለ ኖሪስ።
አሥራ ሁለት ዓመት ተፈልጋ የተገኘች ቃል!
ጎንበስ አለ፣ ወገቡ እንደ አሮጌ በር እየጮኸ፤ እንዴት እንደቻለ እሱ ያውቃል።
አሰረለት። ቀና ሳይል፣ ለጫማው እንደሚነግር፣
«ሰማንያ ሁለት ደወልክ» አለው። «ሄስተር ሰማንያ አንድ ነበረች። ስቆጥር ነበር።»
ክሌመንት ዱላውን ጭቃ ውስጥ አዞረው፣ አዞረው።
«ትርፏ» አለ፣ «ያችን ወቄት መመለሴ ነው።»

ተደጋግፈው ተሻገሩ፤ መጀመሪያ ዱላ፣ ከዚያ እግር፣ ከዚያ ስድብ።
እኔ በዝናቡ ወደ ሰሌዳዬ ተመለስኩ፣ ሌላ ቃል ሳስብ።
«ከባድ» ልበል? «ቀላል»? ሁለቱም እውነት፣ ሁለቱም ሐሰት።
ዞሮ ዞሮ ከቤት፤ ግን ከማን ቤት?

ተውኩት። ከታች፣ ከጅረቱ በኩል፣ ድምፃቸው ይሰማል፤
ለሚመጣው ማክሰኞ ከየት እንጀምር ብለው ይጨቃጨቃሉ።
ኖሪስ «ከእኔ በር» ይላል።
ክሌመንት፣ «ከእኔ።»